አቦይ ዕቁባይና አንዲት «ወይም»

ሽማግሌው የማተሚያ ቤታችን በር ላይ ቆመው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ «ዕቁባይ ዐረፈ» አሉ።

እኔ ፊደል በምለቅምበት ጠረጴዛ ላይ አጎንብሼ ነበር። ቀና ስል አቦይ ባህታ ናቸው፤ የአራሚያችን የአቦይ ዕቁባይ ታላቅ ወንድም። ሞቱን ስንጠብቀው ከርመናል። አቦይ ዕቁባይ ታመው ቤት ከዋሉ ሦስት ወር አልፏቸው ነበርና አንድ ቀን ወሬው በዚያ በር እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን። እኔን ያስደነገጠኝ ስሙ ነው። አቦይ ባህታ ወንድማቸውን በገዛ ስሙ ሲጠሩት ሰምቼ አላውቅም። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ከመደበር ገበያ እስከ ሓዝሓዝ ሰፈር የሰማ ያለ አይመስለኝም ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ሲጠሩት የኖሩት «ያዕቆብ» እያሉ ነው። ይህን ሲሉም ለማሞገስ አልነበረም።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

ማተሚያ ቤቱ ስገባ ሥራዬ ወረቀት ማጠፍ ነበር። መጠረዣ ክፍል ውስጥ ከአምስት ሴቶች ጋር ተቀምጬ የታተመ ወረቀት እያጠፍኩ ገጽ አሰልፋለሁ። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። የቀረውን የተማርኩት እዚያው እያጠፍኩ ነው። ታዲያ ታሪኩ መሐል ላይ ይቋረጥብኛል፤ ቀጣዩ ገጽ ሌላ ሴት እጅ ውስጥ ነው። «እስቲ አሳዪኝ፣ አገባት ወይስ ተዋት?» ብዬ እለምናለሁ። ሴቶቹ «ሥራችንን ልታስፈቺን ነው?» ብለው ይቆጡኛል። አንድ ቀን እንዲህ ስንጨቃጨቅ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ፣ ቀይ እርሳስ ጆሯቸው ላይ የሰኩ ቀጭን ረጅም ሰው በሩ ላይ ቆመው ሰሙን።

«አገባት፤ አርባ ሦስተኛው ገጽ ላይ። ግን አትቸኩዪ፣ ኋላ ትጸጸታለች» አሉኝና ሄዱ።

እሳቸው አቦይ ዕቁባይ ነበሩ። በሁለተኛው ሳምንት ወደ ፊደል ክፍል ተዛወርኩ። ማን እንዳዛወረኝ የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

እዚያ የመጀመሪያ ሥራዬ ታትሞ ያበቃውን የእርሳስ ፊደል ፈትቶ ወደየሳጥኑ መመለስ ነበር። ሳጥኖቹ ከሁለት መቶ ይበልጣሉ፤ ፊደሉም ተገልብጦ ነው የሚነበበው። በዚያው ሳምንት አልፋውን አ እና ዐይኑን ዐ አንድ ሳጥን ውስጥ ቀላቅዬ ተገኘሁ። አቦይ ዕቁባይ በሁለት ጣታቸው አንዷን ፊደል አንስተው ወደ መስኮቱ አዞሯት።

«ስምሽ ማን ነው ጓለይ?» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ርብቃ።»

«ርብቃ፣ እነዚህ ሁለቱ ዘመድ አይደሉም። ይቺ ከአፍ ናት። ይቺ ደግሞ ከጉሮሮ ናት። አንቺ በትግርኛ ‹ዓይኒ› ስትዪ ከየት ነው የምታወጪው?»

«ከጉሮሮ።»

«ታዲያ እጅሽም ጆሮሽ የሚሰማውን ይስማ።»

ፌዴሬሽኑ ፈርሶ፣ ትምህርቱም ቢሮውም በአማርኛ ከሆነ ወዲህ የምናትመው ሁሉ አማርኛ ሆኖ ነበር። ማተሚያ ቤቱ አዲስ የፊደል ስብስብ ያስመጣው ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው፤ ለትግርኛ ሥራ ያስፈልጋል ተብሎ ዐይኑ ዐ በብዛት ታዝዞ ነበር። ፊደሉ ሲመጣ የትግርኛው ሥራ ቀረ። አልፋው አ ቀን ከሌት ሲመታ ጠርዙ እየደነዘዘ ሄደ፤ ዐይኑ ዐ ግን አልፎ አልፎ ካልሆነ ከሳጥኑ አይወጣም፣ አቧራ ለብሶ ተቀመጠ። ከአዲስ አበባ የመጡት ጸሐፊያችን አቶ ታደለ ቀልደኛና ደግ ሰው ናቸው። «ድምፁ አንድ ለሆነ ፊደል ሁለት ሳጥን ምን ያደርግልናል?» ይላሉ። አቦይ ዕቁባይ «ለእርስዎ አንድ ነው፣ ለእኛ ሁለት ነው» ብለው ይመልሳሉ፣ በዚያው ያበቃል።

የአቦይ ዕቁባይ የገዛ ስማቸው የዚህ ነገር ተጠቂ ነበር። መታወቂያ ሲያወጡ የመንግሥት ቢሮ ጸሐፊ በአልፋው «እቁባይ» ብሎ ጻፈላቸው። አቶ ታደለ መታወቂያውን ባዩት ቁጥር፣ «አባባ፣ እቁቡ ዛሬ ለማን ወጣ?» ይሏቸዋል።

«ለታናሹ» ይሉ ነበር አቦይ ዕቁባይ፣ ሳይስቁ። አቶ ታደለ ብቻቸውን ይስቃሉ። እኔም አብሬ ስቄ አውቃለሁ፤ ያኔ አልገባኝም ነበር።

በሥራቸው ላይ ሦስት ምልክት ብቻ ነበራቸው። የማያስፈልገው ላይ ቀይ መስመር ይስቡና ጠርዙ ላይ «ይውጣ» ይላሉ። የጎደለው ላይ «ይግባ» ይላሉ። ስህተት ይሁን አይሁን ያልታወቀ ነገር ሲገጥማቸው ደግሞ ጎኑ ላይ አንዲት ትንሽ የጥያቄ ምልክት ያኖራሉ፤ ቃሉን አይነኩትም። «አራሚ አይጽፍም» ይሉኝ ነበር። «አራሚ መጻፍ የጀመረ ቀን አንባቢው የማንን መጽሐፍ እንደሚያነብ አያውቅም።»

ምሳ ሰዓት ግቢው ውስጥ የወረቀት ጥቅል ላይ ተቀምጠን ዳቦ በሻሂ እንበላለን። አቦይ ዕቁባይ በልጅነታቸው ድቁና ተምረው ግዕዝ ያውቁ ነበርና ወሬያቸው ሁልጊዜ የመጽሐፍ ቅዱስ ሰዎች ስም ነበር። የማያውቋቸው ሰዎች ቢሰሟቸው የሐሜት ወሬ ይመስላቸዋል፤ የሙሴን እናት እንደ ጎረቤታቸው ነው የሚያነሷት።

አንድ ቀን፣ «የፈርዖን ልጅ ሕፃኑን ከውሃ አወጣችውና ሙሴ አለችው። ለምን? ከውሃ አውጥቼዋለሁና አለች። ይህ ማውጣት የሚለው ቃል የማን ነው?» አሉኝ።

«የዕብራውያን።»

«እህ! የግብፅ ንጉሥ ልጅ ዕብራይስጥ የት ተማረች?»

አሰብኩ። «ምናልባት እዚያም የቢሮው ቋንቋ ተለውጦ ይሆናላ!»

አቦይ ዕቁባይን ዳቦው ትን አላቸው። ስቀው ስቀው፣ ዓይናቸውን ጠርገው፣ ወደ አቶ ታደለ መስኮት አየት አደረጉና «ዝም በዪ» አሉኝ።

ሌላ ቀን የሐናን ነገር አመጡ። መካኗ ሐና ለምና ለምና ወንድ ልጅ ወለደች፤ ስሙንም ሳሙኤል አለችው።

«ምክንያቷን ምን አለች?»

«ከእግዚአብሔር ለምኜዋለሁና።»

«መለመን በግዕዝ ምንድን ነው? ቤተ ክርስቲያን ሰምተሽዋል። ሰአሊ ለነ ሲሉ።»

«ሰአለ!»

«በጃ። በዕብራይስጡም ዘመዱ ነው። እንግዲህ ሰአለ ውስጥ ሳሙኤልን ፈልጊልኝ።»

ደጋግሜ በአፌ አንከባለልኩት። ሰአለ፣ ሰአለ... ሳሙኤል አይወጣም። ሌላ ሰው ነው የሚወጣው። ሻሂዬን አስቀምጬ «ሳኦል!» ብዬ ጮህኩ። የመጠረዣ ክፍል ሴቶች በመስኮት ብቅ አሉ።

«እወ። የሳኦል ስም ትርጉም ሳሙኤል ላይ ምን ይሠራል?»

«ገልባጩ ተሳስቶ ይሆናል።»

«ፊደል ለቃሚ ሁሉ በገልባጭ ያሳብባል» አሉኝ። «ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ እናት ናት፤ የልጇን ስም እንደ ሰዋስው መምህር አትፈታም፣ ሆዷ ውስጥ ያለውን ነው የምትናገረው። ስለዚህ የስም ትርጉም ካጣሽ ስሙን ትተሽ ያወጣውን ሰው ፈልጊ። በዚያች ሰዓት ምን አለ? እሱ ነው ትርጉሙ።»

«እርስዎ ቢሆኑ ያርሙታል?»

«ኣይፋልን! ጎኑ ላይ ጥያቄ አደርጋለሁ። ሦስት ሺህ ዓመት የቆየ ጥያቄ እኔ ጋ ሲደርስ ለምን ይሙት?»

የሚስቁበትና የሚጫወቱበት ስም ይህን የመሰለው ነው። አንድ ስም ግን ነበር የማይጫወቱበት። ያዕቆብ ሲነሳ ዳቦውን ያስቀምጡታል።

ለምን እንደሆነ ያወቅኩት መደበር ነው። ማተሚያ ቤቱ ለፊደል የሚሆን ጠፍጣፋ የቆርቆሮ ሣህን አስፈልጎት ቅዳሜ ከሰዓት በእግራችን አብረን ሄድን። መደበርን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በርሜሉ ይቀጠቀጣል፣ ወፍጮው ይጮኻል፣ ሰው የሚሰማማው በጩኸት ነው። አንድ ትከሻው ሰፊ ሽማግሌ መዶሻውን አየር ላይ አቆመና በትግርኛ ጮኸ፦ «ያዕቆብ መጣ! ተረከዛችሁን ጠብቁ!»

በዚያ መስመር ያሉት ቀጥቃጮች በሙሉ፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ እግራቸውን ብድግ ብድግ አደረጉ። አንዱ ባልዲ ደፍቶ ተረከዙን ሸፈነ። ሳቁ ከወፍጮው በላይ ተሰማ።

አቦይ ዕቁባይ ኮፍያቸውን አነሱ። «ሰላም ዋልክ፣ ኣያ ባህታ» አሉ።

መዶሻው ወረደ። ሣህኑን ከሌላ ቀጥቃጭ ገዝተን ተመለስን። ስንመለስ፣ እኔ ሳልጠይቅ፣ በየቅዳሜው እየመጡ ሰላም እንደሚሉና በየቅዳሜው ተረከዝ እንደሚሸፈን ነገሩኝ። ነገሩም ይህ ነው።

ባህታ በሰባት ዓመት ይበልጣቸዋል። ጣሊያን ወታደር አድርጎ ትሪፖሊ ወሰደው። ስድስት ዓመት ወሬ ጠፋ፣ ሞተ ተባለ፣ ተለቀሰ። አባታቸው ዓይናቸው ፈዝዞ፣ ሞት ሲቀርባቸው፣ ሓዝሓዝ ያለውን ቤትና የበኩሩን ምርቃት አጠገባቸው ላለው ልጅ ሰጡ። በወሩ ባህታ ከነነፍሱ መጣ።

«ቤቱን እለቅልሃለሁ አልኩት» አሉ አቦይ ዕቁባይ። «‹ቤትህን ብላው፣ ምርቃቱን ግን ከየት ትመልሰዋለህ?› አለኝ። እሱን መመለስ አይቻልም፤ አባታችን ሞቷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕቁባይ ብሎኝ አያውቅም። ‹ዕቁባይ አይደለህም፣ ያዕቆብ ነህ፣ ተረከዝ ይዘህ የጣልከኝ› አለኝ።»

መጽሐፉን የሚያውቅ ሰው ስድቡን ያውቀዋል። ያዕቆብ ሲወለድ የወንድሙን ተረከዝ ይዞ ወጣ፤ ስሙም ከዚያ መጣ ይላል ኦሪት። ኋላ ዔሳውም በምርቃቱ ሲያለቅስ፣ ስሙ በከንቱ አልወጣለትም፣ ሁለት ጊዜ አሰናከለኝ ይላል። የወንድም ስም ይዞ መሳደብ የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ አቦይ ዕቁባይ የዚያችን ስም ትርጉም ዕድሜ ልካቸውን ፈለጉ። ከከተማችን የአይሁድ ምኩራብ አጠገብ ከዐደን የመጣ አንድ ሽማግሌ አይሁዳዊ የጨርቅ ሱቅ ነበረው። ሄደው «ያዕቆብ በልልኝ» አሉት። አለላቸው፤ ዐይኑን ዐ ከጉሮሮው ጠልቆ አወጣት፣ እንደኛው። «ጓለይ፣ አንድ ጉሮሮ ነው ያለን!» እያሉ ይህን አንድ ነገር ስንት ጊዜ ነገሩኝ። አይሁዳዊው፣ በእኛ ቋንቋ ተረከዝ በዚህ ስም ውስጥ አለ፣ እውነት ነው አላቸው። አቦይ ዕቁባይም በእኛ ዘንድ ዐቀበ ማለት ጠበቀ ነው፣ የእኔም ስም ከዚያ ነው አሉት። ሰውየው ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ አሰበና፣ «ስሙ ከተረከዙ ታሪክ በፊትም በዚህ ምድር የነበረ ሊሆን ይችላል። እግዚአብሔር ይጠብቅ ማለት ሊሆን ይችላል። አላውቅም፤ አንተም አታውቅም» አላቸው።

«አላውቅም፤ አንተም አታውቅም» የምትለዋን እንደ ስጦታ ነው የያዟት። «ዐቃቤ ሕግ ስትዪ ሕግ ጠባቂ ማለትሽ አይደለም?» ይሉኛል። «እሷው ናት። እኔ ተረከዙ ይውጣ አልልም። ኦሪት ያለው ይኑር። አጠገቡ አንዲት ‹ወይም› ብትገባ ግን ምን ይጎዳል?»

ቀኑ ደግሞ መጣ። ለሰንበት ተማሪዎች የሚሆን የመጽሐፍ ቅዱስ ስሞች መፍቻ እንድናትም ታዘዝን። አዘጋጁ ጨዋ፣ የተማሩ ሰው ናቸው። አቦይ ዕቁባይ በመጀመሪያው የእርማት ወረቀት ላይ ያዕቆብ ከሚለው ጎን ትንሿን የጥያቄ ምልክት አኖሩና ሐሳባቸውን በሌላ ወረቀት ጽፈው ላኩ። መልሱ «ኦሪት ራሱ ፈትቶታል፣ እኛ አንጨምርም» የሚል ነበር። ሁለተኛ ጊዜ አቦይ ዕቁባይ ራሳቸው ወደ አዘጋጁ ቢሮ ሄዱ። ሲመለሱ መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት።

«ምን አሉ?»

«ሻሂ ጋበዙኝ። ልክ ናቸው፣ መጽሐፉ የሳቸው ነው።»

እኔ ግን ልክ ናቸው አላልኩም። መጽሐፉን የምለቅመው እኔ ነኝ። የመጨረሻው የእርማት ወረቀት ከመውጣቱ በፊት፣ ያዕቆብ በሚለው መስመር ላይ ባዶ ቦታ ነበር፣ ልክ ሁለት ቃል የሚያስገባ። ለቀምኩና አስገባሁ፦ ያዕቆብ፦ ተረከዝ ያዥ፤ ወይም፦ ይጠብቅ። ማንም አያየውም አልኩ። አቦይ ዕቁባይ ያዩታል፣ እሳቸው ደግሞ የሚፈልጉት ነው። አዘጋጁ ይህን ያህል ስም መልሰው አያነቡም፤ ቢያነቡም መጽሐፉ ታትሞ ያልቃል። እያፏጨሁ ነበር የለቀምኩት።

አቦይ ዕቁባይ የእርማቱን ወረቀት ወደ መስኮቱ ይዘው ሄዱ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ፊደል የምመልስ መሰልኩ። የ«ያ» ገጽ ላይ ሲደርሱ ወረቀቱ መገለጡን አቆመ። ሰዎች የሚፈልጉትን ነገር ሲያገኙ የሚያሰሙትን ድምፅ ጠበቅኩ።

«ርብቃ።»

ጓለይ አላሉኝም። ሄድኩ።

«ይህን ማን አስገባው?»

«እኔ።»

«አዘጋጁ ፈቀዱ?»

«አልፈቀዱም።»

ወረቀቱን አላስቀመጡትም። «እንደ ስምሽ አደረግሽ» አሉኝ፣ በቀስታ። «ርብቃም ለያዕቆብ አዝና ነው። ፍየሉን ያበሰለችው፣ ጠጉሩን ያለበሰችው እሷ ናት። ዐይነ ስውሩን አባት ያሳሳቱት አብረው ነው።»

«እኔ የፈለግኩት...»

«የፈለግሽውን አውቃለሁ። የቐንየለይ፣ አመሰግናለሁ። እኔም ከአንቺ በላይ ፈልጌዋለሁ። ግን አስቢው፤ ይቺ ‹ወይም› በስርቆት ከገባች፣ ባህታ ለአርባ ዓመት ሲለው የኖረው ሁሉ ልክ ነው ማለት ነው። ጠባቂ የሚለውን ትርጉም ተረከዝ ይዤ አመጣሁት ማለት ነው።»

ቀዩን እርሳስ ከጆሯቸው አወረዱ። በ«ወይም፦ ይጠብቅ» ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሳቡ። ጠርዙ ላይ እንደ ሁልጊዜው «ይውጣ» ብለው ጻፉና ወረቀቱን ሰጡኝ። ሁለቱን ቃላት በመርፌ ነቅዬ አወጣሁ። ቦታው ባዶ ሆነ። መጽሐፉ እንደዚያው ታተመ፤ ዛሬም የሚያገኘው ሰው ካለ ከያዕቆብ ጎን ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ ያያል።

የተሰረዘበትን ወረቀት ግን ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄደው ለመኑት። «ለምን ይሆንዎታል?» አሏቸው። «ላሳየው የምፈልገው ሰው አለ» አሉ። አራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ቅዳሜ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አልተነጋገርንም። ሰኞ «ጓለይ» አሉኝ፣ ለእኔ ያ በቃኝ። ዓመት ከምናምን ሠሩና ታመሙ።

እንግዲህ አቦይ ባህታ በሩ ላይ ቆመው «ዕቁባይ ዐረፈ» ያሉት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የመጡትም በየግድግዳው የሚለጠፈውን የሐዘን ማስታወቂያ ለማሳተም ነበር። አቶ ታደለ ወንበር ሰጥተው አጽናኗቸው፤ ቅጹንም ከሟቹ መታወቂያ ገልብጠው ሞሉልኝ። እኔም ቸኩዬ፣ የተሰጠኝን እንዳለ ለቀምኩና አንድ የእርማት ወረቀት አወጣሁ። ወደ አራሚው ጠረጴዛ ለመውሰድ ሁለት እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ነው ሟቹ አራሚው ራሳቸው መሆናቸው ትዝ ያለኝ።

አቦይ ባህታ ፊደል አያውቁም። «አንብቢልኝ» አሉ።

ለቢሮ እንደለመድኩት ጥርት አድርጌ ጀመርኩ፦ «አቶ እቁባይ...»

«ማን?»

«እቁባይ።»

«እሱን ሰው አላውቀውም። ማን ነው የሞተው?» ተነሥተው ቆሙ። ሰፊውን መዳፋቸውን ጉሮሯቸው ላይ አደረጉ። «ዕቁባይ! ከዚህ።»

አቶ ታደለ በትሕትና፣ «አባባ፣ ያው ነው እኮ፤ መታወቂያውም ላይ እንዲሁ ነው» አሉ።

«ያው አይደለም ልጄ። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡና መሬት መሬት እያዩ፣ ለማንም ሳይሆን፣ ተናገሩ።

«ሰባት ዓመቴ ነው። ከእኔ በኋላ ሁለት ተወልደው ሞተዋል። ሦስተኛው ሲመጣ እናቴ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችውና ‹አንተ አውጣለት፣ እኛ ያወጣነው አይበረክትም› አለችኝ። ዕቁባይ አልኩት፣ ይጠበቅ ብዬ። የሚጠብቀውም እኔ ነበርኩ። እሱ ይህን አያውቅም ነበር፤ እናታችን ቶሎ ሞተች፣ እኔም ተናድጄ ዋጥኩት። አንድ ቅዳሜ ያቺን ቀይ የተሰረዘች ወረቀት ይዞ መደበር መጣ። አነበበልኝ። ‹ወይም፣ ይጠብቅ› አለ። ይህን ለማወቅ አይሁዳዊ ዘንድ ሄድክ ወይ፣ ለምን እኔን አልጠየቅከኝም? አልኩት። ስሙን ያወጣሁለት እኔ መሆኔን ነገርኩት። ቀዩስ ምንድን ነው? አልኩት። እኔ ሰረዝኩት አለ። ውሸት ነው? አልኩት። ውሸት አይደለም፣ ያለ ፈቃድ ገብታ ነው አለኝ።»

ኮፍያቸውን በጣታቸው አዞሩት።

«አርባ ዓመት ሌባ ያልኩት ሰው በገዛ ስሙ ላይ ሁለት ቃል መስረቅ እምቢ አለ። ከዚያ ወዲህ ሻሂ አብረን እንጠጣ ነበር። በስሙ ጠርቼዋለሁ። ጥቂት ነው የጠራሁት፤ ታመመ። አሁን ግድግዳ ላይ በሌላ ሰው ስም አትለጥፉብኝ።»

አቶ ታደለ ቅጹን ወሰዱና ራሳቸው እ የምትለዋን ሰረዙ። እኔም ወደ ሳጥኖቹ ሄድኩ። የዐይኑን ዐ ረድፍ አቧራ በትንፋሼ እፍ አልኩና አንዲት ዕ አነሣሁ። እ ን በመርፌ ነቅዬ እሷን አስገባሁ።

አቦይ ባህታ ከኋላዬ መጥተው በትከሻዬ ላይ አሻግረው ያዩ ነበር። «ገባች?»

«ገባች።»

«የትኛዋ ናት?»

ጣታቸውን ይዤ አሳየኋቸው። የተቀጠቀጠ ቆርቆሮ ሲለሰልስ እንደሚዳብሱት ዳበሷት።

ሌሎቹ ፊደላት ብዙ ስለተሠራባቸው ደንዝዘው ነበር፤ ማስታወቂያው ላይ ግራጫ ሆነው ወጡ። ዕ ግን ገና አዲስ ስለነበረች ጠቁራና ደምቃ ወጣች። በማግስቱ ከሓዝሓዝ እስከ መደበር በየግድግዳው ላይ፣ ስሙን ማንበብ ከማይቻልበት ርቀት፣ መጀመሪያ የምትታየው እሷ ነበረች።